የደሴው ኦንላይን ሱቃችንና ቦቶቹ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ፦ ሎጉን ማንበብ

ሱቁ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የተተከለ ዉኮመርስ (የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር) ነው። 70 ያህል ዕቃ አለው፤ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ነጠላ፣ ጀበና፣ የእጣን ማጨሻ፣ ለበዓል የሚላክ ጥቅል። ሰርቨሩ ጀርመን ያለ ትንሽ ቪፒኤስ፣ ማለትም በኪራይ የተያዘ ምናባዊ ኮምፒውተር ነው። 1 ሲፒዩ፣ 2 ጊጋ ራም፣ በወር 6 ዶላር። ዕቃው ደሴ ፒያሳ እህቴ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። እሷ ትሸጣለች፣ ታሽጋለች፤ እኔ ሳይቱን እይዛለሁ።

ችግሩ ሳይቱ ጠዋት ጠዋት መውደቁ ነው። በገጹ ፈንታ የስህተት መልእክት ይመጣል። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ ዳታቤዙን ይገድለዋል። ሬስታርት አድርጌው ይነሳል፣ ቆይቶ ደግሞ ይወድቃል። ደንበኛ ቴሌግራም ላይ «ዘጋችሁ እንዴ?» ብሎ ይጽፋል። ለሆስቲንጉ ድርጅት ጻፍኩ፤ «ትልቁን ፓኬጅ ግዙ» አሉኝ። ዋጋው እጥፍ ነው። ያን ያህል ገዢ የለንም እኮ። ታዲያ ራሙን ማነው የሚበላው?

መሣሪያው ቀላል ነው። የኤንጂንኤክስን (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም) አክሰስ ሎግ፣ ማለትም የጥያቄዎቹን መዝገብ ከፍቶ አውክ በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ የተጠየቀውን አድራሻ ብቻ መለየት፣ በሶርትና በዩኒክ መቁጠር። ለዚህ ፕለጊን አያስፈልግም። ሰዓቱ ግን ሁለት ጊዜ ማስላት ይፈልጋል። ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። 00:14 ካለ 3 ሰዓት ይጨመርበታል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ14 ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደሴ ውስጥ ብርዱ እንጂ ገዢ የለም። ጅዳም ሰዓቷ ከእኛ እኩል ነው፤ እዚያም ተኝተዋል። ሎጉ ግን በዚያ ሰዓት ነው የሚጨናነቀው።

ዋናው በላተኛ «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለው ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። ዉኮመርስ የዕቃ ዝርዝር ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ቁልፍ ከሥሩ ተራ ሊንክ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ አድ-ቱ-ካርት የሚል ቃልና የዕቃው ቁጥር አለ። ቦት፣ ማለትም ራሱ ገጽ እየከፈተ የሚዞር ፕሮግራም፣ ደግሞ ሊንክ ካየ ይከተላል። ሲከተል ቅርጫት ይከፈትለታል፣ ዳታቤዝ ውስጥ የሴሽን (የአንድ ጉብኝት መዝገብ) መስመር ይጻፍለታል። ኩኪውን (ብሮውዘር ላይ የሚቀመጥ መለያ) ስለማይዝ በሚቀጥለው ጥያቄ ሌላ አዲስ ቅርጫት ይከፈትለታል። ሰኞ ገበያ ገብቶ ያየውን ጋቢ ሁሉ «አውርዱልኝ» ብሎ ዋጋ ሳይጠይቅ እንደሚወጣ ሰው ነው። ይህ ገጽ ደግሞ ካሽ አይደረግም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅጂ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ ገጹን የሚያዘጋጀውን ፒኤችፒንና ዳታቤዙን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። የሴሽን ሠንጠረዡን ስከፍት ባለቤት የሌለው ቅርጫት ተኮልኩሎበታል።

ሁለተኛው ማጣሪያው ነው። በቀለም፣ በመጠን፣ በዋጋ ቅደም ተከተል የሚለየው። 6 ቀለም አለን፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ደርቦ መምረጥ ስለሚችል 64 ዓይነት ጥምረት ይወጣል። 4 መጠን 16 ጥምረት። መደርደሪያው 6 አማራጭ አለው። ሲባዛ 6,144 አድራሻ ነው። 70 ዕቃ ላለው ሱቅ! ቦቱ ደግሞ አንዱንም መዝለል አይወድም።

የቀረው የለመድነው ነው። የመግቢያ ገጹ ላይ የይለፍ ቃል የሚሞክር፣ ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የሚባለውን አሮጌ በር የሚያንኳኳ፣ የሌለንን ፕለጊን የሚፈልግ፣ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትን ዶት-ኢኤንቪ ፋይል የሚጠይቅ። እነዚህ እኛን አያውቁንም። ኢንተርኔት ላይ ያለ በር ሁሉ ላይ ነው የሚያንኳኩት።

ከዚያ ቀጥሎ፦ ሮቦትስ ፋይል

በነጻው ነገር ጀመርኩ። ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ ቦት የትኛውን ገጽ እንዳይከፍት የሚነግር ፋይል ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ማርታይን ኮስተር ያቀረበው ስምምነት። በ2022 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 9309 ተብሎ መደበኛ ሰነድ ወጣለት። ሰነዱም ራሱ ይህ ፈቃድ መስጫና መከልከያ እንዳልሆነ ይናገራል። ጨዋ ቦት ያነበዋል፣ ባለጌው ያልፈዋል።

አድ-ቱ-ካርት ያለበትን አድራሻ በሙሉ፣ ማጣሪያውንና መደርደሪያውን ከለከልኩ። ለኤአይ ማሠልጠኛና ለኤስኢኦ (ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ የመታየት ሥራ) ጽሑፍ የሚለቅሙትንም በየስማቸው አስገባሁ፤ ጂፒቲቦት፣ አህረፍስቦትና የመሳሰሉት ሮቦትስን እንደሚያከብሩ በይፋ ያሳወቁ ናቸው። ጉግል ፋይሉን እስከ 24 ሰዓት ካሽ አድርጎ ስለሚይዝ ውጤቱን ወዲያው መጠበቅ የለም።

ስም ይዘው የሚመጡት ቀነሱ። ስማቸውን የደበቁት እንደነበሩ ናቸው። «ክሮም ነኝ» ይላሉ፤ የክሮሙ ቨርዥን ግን ከዓመታት በፊት የነበረ ነው። «ጉግልቦት ነኝ» የሚልም አለ። እሱን ማጣራት ይቻላል። አይፒውን (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩን) ወደ ስም መመለስ፤ ስሙ በጉግልቦት ዶት ኮም ወይም በጉግል ዶት ኮም ካለቀ ያንኑ ስም መልሶ ወደ አይፒ መቀየር፤ ሁለቱ ከገጠሙ እውነተኛ ነው። ከእኛዎቹ «ጉግልቦቶች» ጥቂቶቹ ሲመረመሩ የተከራየ ሰርቨር ሆነው ተገኙ።

ጥር አጋማሽ፦ ሊንኩን ራሱን ማንሳት

እዚህ ላይ ነው ሥራው የተሻሻለው። ቦቱን ከማባረር ይልቅ የሚበላውን ነገር ከፊቱ ማንሳት።

ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። በምትኩ ሦስት ምድብ ብቻ፦ ልብስ፣ የቡና ዕቃ፣ የበዓል ጥቅል። እህቴን ጠየቅኳት፤ «ማጣሪያ የቱ ነው?» አለችኝ። አንድም ደንበኛ ስለሱ አልጠየቀም። ስንት ሰዓት አሳምሬው ነበር!

ቅርጫቱን ደግሞ በኤንጂንኤክስ ያዝኩት። ዝርዝር ገጹ ላይ ያለውን ሊንክ «ዕቃውን እይ» ወደሚል ቀየርኩ። ወደ ቅርጫት መጨመር የሚቻለው የዕቃው ገጽ ውስጥ ባለ ፎርም ብቻ ነው፤ ፎርሙ የሚልከው በፖስት (መረጃ በሚያስገባው የጥያቄ ዓይነት) ነው፣ ተራ ቦት ደግሞ ሊንክ እንጂ ፎርም አይከተልም። አሮጌውን አድራሻ 403 (የተከለከለ) ብዬ ልዘጋው ነበር። እህቴ ግን ያንን ሊንክ ስንት ወር ሙሉ የቴሌግራም ቻናሏ ላይ ስትለጥፍ ኖራለች። ከዘጋሁት አሮጌ ፖስት የሚጫን ገዢ ግድግዳ ይገጥመዋል። ስለዚህ መንገድ ቀየርኩለት። አድ-ቱ-ካርት ያለበት የጌት (ሊንክ ሲጫኑ የሚላክ) ጥያቄ ከመጣ ኤንጂንኤክስ ጭራውን ቆርጦ ወደቀረው አድራሻ ይመራዋል። ገጹ ካሽ የተደረገ ነው። ሰው ቢሆን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ይጫናል። ቦት ቢሆን ከዲስክ የተነበበ ኤችቲኤምኤል ይዞ ይሄዳል፤ ፒኤችፒም አይነቃም፣ ዳታቤዝም አይነካ።

ከዚህ በኋላ የራም ግራፉ ተኛ። ወጪ፦ ዜሮ። ከአስር የማይበልጥ የኮንፊግ መስመር።

ለመግቢያ ገጹ ሌላ የይለፍ ቃል ከፊቱ ደረብኩበት፤ ኤንጂንኤክስ ራሱ የሚጠይቀው። ኤክስኤምኤል-አርፒሲን የሚጠቀም መተግበሪያ ስለሌለን በ444 ዘጋሁት። 444 የኤንጂንኤክስ የራሱ ኮድ ነው፤ ምንም ሳይመልስ መስመሩን ይቆርጣል።

ጥር መጨረሻ፦ አይፒ መዝጋት ለእኛ አይሆንም

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ምክር ሁሉ ሁለት ነገር ይላል። ፌይልቱባን ጫንና የሚያስቸግረውን አይፒ ዝጋ። ገዢ የሌለህበትን አገር ዝጋ። ሁለቱም ምክር ለሌላ አገር ሱቅ የተጻፈ ነው።

ፌይልቱባን ሎግ አንብቦ፣ ደጋግሞ የሳተውን አይፒ በፋየርዎል ይዘጋል። ጫንኩት። በማግስቱ ከኮምቦልቻ አንዲት ደንበኛ «አይከፍትልኝም» አለች። ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለ አንዱ። ቀጥሎ እህቴ ራሷ፣ በስልኳ ዳታ።

ምክንያቱ የሞባይል ኔትወርክ አሠራር ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ ስለማይበቃ ኦፕሬተሮች ብዙ ስልክ ከአንድ የወል አይፒ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ለዚሁ ተብሎ በ100.64 የሚጀምር የአድራሻ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ተመድቧል። የእኔንና የእህቴን ስልክ ጎን ለጎን አድርጌ «አይፒዬ ምንድን ነው» የሚል ገጽ ከፈትኩ። አንድ ቁጥር። ከዚያ ቁጥር ጀርባ ሌላ ማን ማን እንዳለ አላህ ይወቀው። አንዱ ስልክ ቫይረስ ይዞት ይለፍ ቃል ቢሞክር ቅጣቱ ለሁሉም ነው።

ፌይልቱባን ወጣ። የመግቢያ ገጹ ሁለተኛ ቁልፍ ስላለው አያስፈልግም።

የፍጥነት ገደቡንም በአይፒ ብቻ መቁጠር ተውኩ። ለዕቃ ገጾች ገደብ የለም፤ ካሽ ናቸው፣ እንደፈለጉ ያንብቡ። ገደቡ ያለው ፒኤችፒ የሚነካው ላይ ብቻ ነው፦ ፍለጋና ማዘዣ። እሱም ለቀቅ ያለ ነው፤ ሲያልፍ 429 (ጥያቄ በዛ) ይላል እንጂ አይዘጋም።

እዚያው፦ አገር መዝጋት

«ከኢትዮጵያ ውጭ ያለውን ዝጋ፣ አለቀ» ያለኝ ጓደኛ አለ። የወሎን ሰው አያውቅም። ከትልልቅ ትዕዛዞቻችን ብዙዎቹ የሚመጡት ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ ነው። እዚያ የምትሠራ ልጅ ትከፍላለች፤ ዕቃው የሚደርሰው ሆጤ ወይም ሐይቅ ላሉት እናቷ ነው። ለኮምቦልቻ ከሆነ ሚኒባስ ላይ ተጭኖ በሐረጎ ይወርዳል። ከፋዩ ውጭ፣ ተቀባዩ እዚህ። አገር የዘጋሁ ቀን የረመዳን ገበያ አለቀ ማለት ነው።

«እሺ፣ ዳታ ሴንተሮቹን ብቻ ዝጋ» ይባላል። ሰው በዳታ ሴንተር ውስጥ ሆኖ አይገዛምና። እዚህም ችግር አለ። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን በኦፔራ ሰርቨሮች አሳልፎ፣ አሳንሶ ነው ስልክ ላይ የሚያመጣው። ስለዚህ ሎጉ ላይ የሚታየው የእነሱ ዳታ ሴንተር ነው። ቪፒኤን ከፍቶ የረሳውማ አይቆጠርም። እኔ ራሴ አንዱ ነኝ።

እንግዲህ ማን ነህ፣ ከየት ነህ የሚለው ጥያቄ ለእኛ አይሠራም። የሚሠራው ምን እያደረግህ ነው የሚለው ነው።

የካቲት መጀመሪያ፦ ክላውድፍሌር

ክላውድፍሌር ከሰርቨር ፊት ቆሞ ጎብኚን የሚያጣራ አገልግሎት ነው፤ ነጻውን ፕላን ከፊት አስቀመጥኩ። ኔምሰርቨር መቀየር ነው ዋናው ሥራ። ሁለት ነገር ግን ካልተሠራ ከንቱ ነው።

አንደኛ፣ የሰርቨሩ እውነተኛ አይፒ ቀድሞ የታወቀ ነው። ከአሮጌ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ከአይፒ የሚያገናኘው) መዝገብ ይገኛል። ቦቱ በክላውድፍሌር በኩል መምጣት አይጠበቅበትም፤ በጓሮ ይገባል። ስለዚህ ፋየርዎሉ ላይ 80 እና 443ን (የድረ ገጹን በሮች) ክላውድፍሌር በይፋ ለሚያወጣቸው የአይፒ ክልሎች ብቻ ከፈትኩ። ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ መግቢያው) በቁልፍ ፋይል ብቻ።

ሁለተኛ፣ ሎጉ ላይ ጎብኚው ሁሉ የክላውድፍሌር አይፒ ይሆናል። ኤንጂንኤክስ እውነተኛውን አይፒ ከሄደሩ እንዲያነብ ካልተነገረው ገደቡ ሰውን ሁሉ እንደ አንድ ጎብኚ ይቆጥራል።

ነጻው ፕላን 5 የራስ ደንብ ይፈቅዳል። አምስቱን አልጨረስኳቸውም። አንዱ የሌለንን ፋይል የሚጠይቀውን ሁሉ ይዘጋል። አንዱ ደግሞ ፍለጋና ማዘዣ ላይ ብቻ የሚጠረጠረውን ይፈትናል። «ጥቃት ላይ ነኝ» የሚለውን ቁልፍ አልነካሁትም። እሱ ሰውን ሁሉ ደጃፍ ላይ አቁሞ ጃቫስክሪፕት ያሠራል፤ ደካማ ስልክ ለያዘ ሰው ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው።

እዚያው ሳምንት፦ የቴሌግራሙ ፎቶ ጠፋ

ከአንድ ቦታ የቀዳሁት የቦት ስም ዝርዝር ነበር። ውስጡ «ቦት» የሚል ቃል ያለበትን ስም ሁሉ የሚዘጋ መስመር አለ። እህቴ አዲስ ቡልኮ ቻናሏ ላይ ለጠፈች፤ ሊንኩ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ፎቶ የለ፣ ስም የለ፣ ዋጋ የለ። ቴሌግራም ሊንኩን ከፍቶ ፎቶውን የሚያመጣው ቴሌግራምቦት በሚል ስም ነው። ፌስቡክና ዋትስአፕም የየራሳቸው አላቸው። ገበያችን ያለው ቻናሉ ላይ ነው፤ ያለ ፎቶ ማንም አይጫንም።

ሦስቱን ለዕቃ ገጾች ብቻ ፈቀድኩ። ስሙን ማንም ሊያስመስለው ይችላል፤ ያስመስል። የሚያገኘው ካሽ ነው። ቴሌግራም የቀድሞውን ባዶ ዕይታ ስለሚያስታውስ ግን ሊንኩን ለዌብፔጅቦት መላክ ያስፈልጋል፤ የቴሌግራም የራሱ ቦት ነው፣ ዕይታውን ያድሳል። ቦት ስናባርር ከርመን ቦት መለመን።

የካቲት፦ የውሸት ትዕዛዝ

ይህ ከሁሉም ያናድዳል፤ ገንዘብና የባጃጅ ሒሳብ ነውና። «ሲደርስ እከፍላለሁ» የሚለው አማራጭ ላይ የሚገቡ ትዕዛዞች አሉ። ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር፣ ስልኩ የማይጠራ፣ ማስታወሻው ላይ የካዚኖ ሊንክ። ፎርም የሚሞላ ቦት ነው። እሱ ሊንኩን መለጠፉን እንጂ ትዕዛዝ ማዘዙን እንኳ አያውቅም። ዉኮመርስ ግን ዕቃውን ከክምችት ይቀንሳል። ቡልኮው በእጅ የተሠራ አንድ ብቻ ከሆነ «አልቋል» ይላል። ገዢ መጥቶ ይመለሳል፤ ዕቃው ግን መደርደሪያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የሥዕል ፈተና ያለው ካፕቻ ማዘዣ ገጹ ላይ አደረግኩ። ከጅዳ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ኧረ ወንድሜ፣ የትራፊክ መብራት ምረጪ ይለኛል። እኔ ለእናቴ ጋቢ ልገዛ ነው የመጣሁት ወይስ መንጃ ፈቃድ ልፈተን?» በዚያው ምሽት አወጣሁት። በምትኩ የክላውድፍሌርን ተርንስታይል አስገባሁ፤ በነጻ ነው፣ ሥዕል አያስመርጥም፣ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ይጨርሳል።

ፎርሙ ውስጥ ደግሞ ሰው የማያየው ሣጥን ደበቅኩ። ቦት ያየውን ሣጥን ሁሉ ይሞላል፤ ይህ ከተሞላ ትዕዛዙ ይጣላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሣጥኑን «ኢሜይል 2» ካልነው ብሮውዘሩ ራሱ ለደህና ሰው ሊሞላው ይችላል። ምንም የማይመስል ስም ሰጠሁት፤ አውቶፊልም አጠፋሁበት።

ስልክ ቁጥሩን ሁለት ከፈልኩት። የከፋይ ስልክ ከየትም አገር ይሁን። የተቀባይ ስልክ ግን 10 አሃዝ ሆኖ በ09 ወይም በ07 መጀመር አለበት፤ ወይም በ251። ከቦቶቹ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። ለከፋዮቹም ግልጽ ሆነላቸው፤ ድሮ የቱን ስልክ እንደምንፈልግ ይጠይቁ ነበር።

በኤስኤምኤስ ኮድ ማረጋገጥም ታስቦ ነበር። ተውነው። ኮድ በተላከ ቁጥር የምንከፍለው እኛ ነን፤ ቦት ቁጥር እየቀያየረ ቢጠይቅ ሒሳቡ የእኛ ነው። ለውጭ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይብሳል። እህቴ «አብሽር፣ እኔ እደውላለሁ» አለች። ባጃጅ ከመነሳቱ በፊት ተቀባዩ ጋ ትደውላለች። እስካሁን ከሠራነው ሁሉ እሱን የሚያልፍ ቦት አልመጣም።

ረመዳን ሊገባ ሲል፦ የቀረው

ሰርቨሩ ያው የ6 ዶላሩ ነው። ፓኬጅ አልተገዛም። ዳታቤዙ ጠዋት ጠዋት መሞቱን ትቷል። የሴሽን ሠንጠረዡን አንዴ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ከእውነተኛ ገዢ ጋር ይቀራረባል።

አንድ ያልተያዘ አለ። በእያንዳንዱ አይፒ አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ የሚሄድ፣ አይፒዎቹ የቤት ኢንተርኔት የሚመስሉ። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ኤችቲኤምኤሉን ወስዶ ፎቶውንና ሲኤስኤሱን (የገጹን መልክ የሚወስነውን ፋይል) አይጠይቅም። የሰው ብሮውዘር እንዲህ አያደርግም። ልዘጋው ብዬ ነበር፤ ግን ከካሽ ነው የሚወስደው፣ አይጎዳንም። ዋጋ እየለቀመ ከሆነም ዋጋችን ቻናሉ ላይ ተለጥፏል። ፎቶዎቻችን ሌላ ቻናል ላይ መታየታቸው ግን እህቴን አናዷታል። ከአሁን በኋላ የሚነሳው ፎቶ ላይ የሱቁ ስም ይታተምበታል፤ ጥግ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ፣ ተቆርጦ እንዳይወጣ።

አሁን የምከታተለው ተርንስታይል ደህና ሰው እንዳያስቀር ነው። ቦት ሲታገድ ሎግ ላይ ይታያል፤ ተበሳጭቶ የሄደ ገዢ ግን አይታይም። ማዘዣ ገጹ ሥር የቴሌግራም አድራሻችንን አስገብቻለሁ፦ «አልሄድ ካላችሁ እዚህ ጻፉልን፣ በእጅ እናዝዛለን»።